ምን ይግባ፥ ምን ይቅር

በጅቡቲ ከተማ፥ በካርቲየ 3፥ ጣራዋ ቆርቆሮ በሆነች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፥ የመታወቂያ ወረቀት ለምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሊኑክስን አስኳል፥ ማለት ባለሙያዎች ከርነል የሚሉትን የሥርዓቱን ዋና ክፍል፥ ሳቀናብር ያየኝ ጎረቤት ሁሉ «ዛሬስ ምን ጨመርህበት?» ይለኛል። ነገሩን ባስረዳው ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን በዚህ ሥራ ቀኑን ሙሉ የምደክመው የማያስፈልገውን ስተው ነው፥ የተወ ሰው ደግሞ ለጎረቤት የሚያሳየው ነገር የለውም።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.አ.አ. የጀመረው ይህ አስኳል ዛሬ ከታላላቆቹ ኮምፒዩተሮች አንሥቶ እስከ እጅ ስልክ ድረስ ያለውን ሁሉ ያገለግላልና፥ ያልተጻፈለት መሣሪያ የለም ቢባል ማጋነኑ ጥቂት ነው። ስለዚህም ከመጠናቀሩ፥ ማለት ከጽሑፉ ወደ ፕሮሰሰሩ ልሳን ከመለወጡ፥ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹ ከዐሥር ሺህ ይበልጣሉ፥ የብዙዎቹም መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወይ ይግባ፥ ወይ ይቅር፥ ወይም ሞጁል ሆኖ በውጭ ይቆይና ሲያስፈልግ ይጠራ። ይህን ሁሉ ከባዶ ተነሥቼ አንድ በአንድ ልመልስ የሚል ሰው፥ በዕቃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት በሙሉ በአንድ ቅዳሴ ላንብብ እንደሚል ዲያቆን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ግጻዌ አላት፤ በዕለቱ ከጳውሎስ የትኛው ምዕራፍ፥ ከግብረ ሐዋርያት የትኛው፥ ምስባኩ ምን፥ ወንጌሉ የማን፥ ቅዳሴውም የማን እንደ ሆነ ከዚያ ይታያል። ለአስኳሉም ዴፍኮንፊግ የሚባል፥ ለአንድ የፕሮሰሰር ወገን ሊቃውንቱ አስቀድመው የመረጡት መልስ አለ፤ ለእኔ ሰሌዳ የሚስማማው «ኦማፕ 2 ፕላስ» የሚባለው ነው። ነገር ግን ግጻዌ ለሁሉም ደብር የተጻፈ ሲሆን ታቦቱ የሚነግሥበትን ቀን የሚያውቀው የየደብሩ ካህን እንደ ሆነ፥ ይህም ዴፍኮንፊግ የብዙ ሰሌዳዎችን ጓዝ ጭኖ ይመጣል፤ በዚህ ሰፈር፥ በዚህ ሙቀት፥ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን መለየት የእኔ ፈንታ ነው።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ለየብቻቸው የቆሙ አይደሉም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የነነዌ ጾም የሚገባበት ዕለት ከተገኘ፥ ከዚያ 14 ቀን ቈጥሮ ዐቢይ ጾም፥ 69 ቀን ቈጥሮ ትንሣኤ ይገኛልና፥ ሊቁ ትንሣኤን ብቻዋን ነጥዬ ወደፊት ልግፋ ቢል አይሆንለትም። በአስኳሉም አንዱን መልስ ስትለውጥ ሌላው ሳትጠየቅበት ይነሣል፥ ወይም ሳትጠየቅበት ይወድቃል። ሮማን ዚፔል ያዘጋጀውና በ2002 እ.አ.አ. ወደ አስኳሉ የገባው ኬኮንፊግ የተባለው ሥርዓት ይህን ጥገኝነት ሁሉ ይቈጥራል። ጀማሪ የማያስተውለው አንድ ምሥጢር ግን እዚህ ላይ አለ። በገዛ እጅህ «ይቅር» ያልኸው ነገር መልሶቹ በሚጻፉበት በቅንብሩ ፋይል ላይ «አልተመረጠም» የምትል መስመር ትቀርለታለች፤ የተደገፈበት ነገር ስለ ወደቀ ብቻ ሳትጠየቅበት የቀረው ግን እንደ አልተወለደ ሕፃን ስሙ እንኳ አይገኝም። ብዙ ሌሊት ያሳደረኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ማጠናቀሩ የሚደረገው በሰሌዳው ላይ ሳይሆን በላፕቶፕ ነው፤ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ልሳንና የሰሌዳው አርም የተባለው ፕሮሰሰር ልሳን ስለማይገናኙ፥ አጠናቃሪው ባለጉዳይ በሶማልኛ ወይም በዐፋርኛ የሚነግረውን እየሰማ ማመልከቻውን በፈረንሳይኛ እንደሚጽፍ ሰው ይሆናል። መብራት መካከል ላይ ቢጠፋ የተሠራው አይባክንም፤ ኃይሉ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሰሞን ውድቀቴም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ነበረ፤ የማስታወሻ ካርዱን የሚያነበውን ድራይቨርና የፋይል ሥርዓቱን ሞጁል አደረግኋቸው፥ ሞጁሎቹ ግን የተቀመጡት በዚያው ካርድ ውስጥ ነበርና፥ የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ትቼ እንደ ዘጋሁ ሆነ። ይህ ስሕተት ጮኾ ስለሚናገር፥ አስኳሉም ሥሩን፥ ማለት ዋናውን የፋይል ሥርዓት፥ ማግኘት እንዳልቻለ ጽፎ ስለሚቆም፥ ቸር ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝ የሰዓት ስሕተት ግን እንዲህ አልነበረም። በዚሁ ሰፈር ሥጋና ዓሣ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል ያላቸው፥ ድሬዳዋ ተወልደው እዚህ ያረጁ አንዲት እናት፥ የክፍሉ ሙቀት በየደቂቃው እንዲመዘገብላቸው፥ ቀኑም በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዲጻፍላቸው ለመኑኝ። ሰሌዳው በ2013 እ.አ.አ. የወጣው ቢግልቦን ብላክ ነው፤ 512 ሜጋባይት ማስታወሻ አለው፥ ፕሮሰሰሩም በሰከንድ እስከ አንድ ቢሊዮን ምት ይመታል። ቴርሞሜትር በደቂቃ አንድ ጊዜ ለሚያነብ ሥራ፥ ይልቁንም ሐምሌ ገብቶ ኻምሲን በሚነፍስበትና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፥ ይህ ፍጥነት ትርፉ ትኩሳት ነውና፥ ወደ 300 ሚሊዮን ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል ከአስኳሉ ጋር አስገባሁት፤ በዚህስ አልተጸጸትሁም።

ከ2011 እ.አ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በመስመር የሚመጣው ኃይል ወደ እኒያ እናት ቤት ሳይደርስ የቀረበት ሰዓት ሥራውን እንዳይጎዳ፥ ለሰሌዳው አንዲት ባትሪ፥ ለጊዜውም ዲኤስ 3231 የተባለ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ሰዓት ጨመርሁለት። በፕሮሰሰሩ ውስጥም ሌላ ሰዓት አለ፤ ይህ ግን በሰሌዳው ላይ ደጋፊ ባትሪ ስለሌለው ኃይል በተቋረጠ ቊጥር የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ይጀምራል። አስኳሉ ሲነሣ ጊዜን የሚጠይቀው «ሰዓት ዜሮ» ተብሎ የተመዘገበውን ሲሆን፥ ቀድሞ የሚመዘገበውም ያ ዘንጊው ነበረ። በማግሥቱ እኒያ እናት መዝገቡን አይተው ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 የሚል አገኙ።

እኔም ነገሩ ቀሊል መሰለኝ። ባትሪ የሌለው ሰዓት ምን ያደርጋል ብዬ የውስጠኛውን ድራይቨር «ይቅር» አልሁት። የውጭውን ግን ሞጁል እንደ ሆነ መተዌን አላስታወስሁም፤ ስለዚህ መዝጋቢው ፕሮግራም ሞጁሉ ሳይጫን ቀድሞ ተነሣና፥ ምንም ሰዓት ያላገኘ ሊኑክስ ወደሚጀምርበት ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወረደ፤ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው። አርመዋለሁ ብዬ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ወሰድሁት።

«ልጄ» አሉኝ እማማ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፥ «ይኸ ሥጋ በጃንሆይ ዘመን የገባ ነው እንዴ?»

«የሰዓቱ ጥፋት ነው፥ እማማ፤ ነገ አስተካክልልዎታለሁ።»

«ነገ የምትለው በየትኛው ዓመት ነው?»

መዝገቡ በሚለው ዘመን ይህች ከተማ ገና በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ነጻ የወጣችው በ1977 እ.አ.አ. ነውና። ሳቁን ግን አልቻልሁም፥ እሳቸውም አልቻሉም።

የውጭውን ሰዓት ከአስኳሉ ጋር አንድ አድርጌ አጠናቀርሁት፤ ቀኑም ሰዓቱም ልክ ሆነ፥ እኔም ዋጋዬን ተቀብዬ ሄድሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋበት ሌሊት፥ ሰሌዳው ባትሪው እንዳያልቅ በታዘዘው መሠረት ሥራውን ዘግቶ ራሱን ማጥፋት ሲገባው፥ ሥራውን ዘጋ እንጂ አልጠፋም፤ የራሱ የሰሌዳው መብራት እንደ በራ እስኪነጋ ቆየና ባትሪውን ጨርሶ መጠጠው። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ለሦስቱም ቀን የማየው ስለ ባትሪና ስለ ኃይል የተጻፈውን ክፍል ነበር፥ ጥፋቱ ያለው ግን እዚያ አልነበረም። ለካስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ኃይልን ለሚያስተዳድረው ቺፕ «አሁን አጥፋ» የሚለው ምልክት የሚወጣው በዚያ ባትሪ የለውም ብዬ በናቅሁት በውስጠኛው ሰዓት በኩል ነው። ጊዜን መቊጠር ያቃተው ሰዓት መዝጊያውን ይዞ የተቀመጠ በረኛ ነበረ፤ እኔም የዕድሜውን መርሳት ብቻ አይቼ ከነቁልፉ አሰናብቼዋለሁ። በቅንብሩ ፋይልም ላይ ይህን የሚነግረኝ ቃል አልነበረም፤ «አልተመረጠም» ይላል እንጂ ሲቀር ማን እንደሚጎዳ አይልም።

መፍትሔው ሁለቱንም ማስገባትና ተራቸውን መለወጥ ሆነ። ሰሌዳው ምን ምን ዕቃ እንዳለበት ለአስኳሉ የሚዘረዝረው ዲቫይስ ትሪ የተባለ ጽሑፍ አለ፤ በእርሱ ላይ የውጭው «ሰዓት ዜሮ»፥ የውስጡ «ሰዓት አንድ» ተብለው እንዲጠሩ ሁለት መስመር ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ጊዜን የሚነግረው አስታዋሹ ነው፥ በሩን የሚዘጋውም ዘንጊው።

ሥራዬን ስጨርስ ቅንብሩን አሳጥሮ የሚጽፈውን ትእዛዝ እሰጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ በሺህ የሚቈጠረው መስመር ተጣርቶ ከተለመደው የተለየው ብቻ ይቀራል። ከእርሱ ጎን ግን አሁን አንድ የወረቀት ደብተር አስቀምጣለሁ፥ «ይቅር» ላልሁት ሁሉ ምክንያቱን የምጽፍበት። ስለ ድምፅና ስለ ስክሪን የተጻፈው «ማቀዝቀዣ ክፍል አያስፈልገውም» ይላል፥ ከዚያ በላይ አልደከምሁበትም። በሰባተኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝሁት አለ፤ ከሥሩም እንዲህ ተጽፏል፦ «የውስጡ ሰዓት፤ ባትሪ የለውም፥ ማጥፊያው ግን በእርሱ በኩል ነው፤ አይነካ። እማማ ባትሪውን አስከፍለውኛል።»