የሚያበላው ጓሮ፣ የሚፈውሰው ጓሮ፦ ስለ እንሰት አገር የተጻፉ ጽሑፎች በሐኪም ዐይን ሲታዩ

ስለ እንሰት ከተጻፉት ሥራዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር አማካይነት የታተመውን «ረሃብን የሚመክት ዛፍ» የተሰኘውን ጥራዝ ያህል በሌሎች የተጠቀሰ ጥቂት ነው። ስቲቨን ብራንት ከኢትዮጵያውያን፣ ከአሜሪካውያንና ከጃፓናዊ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት፣ የአዋሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ የፍሎሪዳና የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲዎች የተባበሩበት ሥራ ነው። አጭር ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ለረጅም ዘመን «የድሆች ምግብ» እየተባለ የተናቀውን ተክል ወደ ክብር ቦታው መልሶታል። ከውስጡም አንድ ስሌት በሁሉም አፍ ገባ። ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ የተተከሉ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እንሰቶች ከ5 እስከ 6 ነፍስ ያለውን ቤተሰብ መመገብ ይችላሉ ይላል።

ይህ ስሌት ከመጽሐፉ ወጥቶ የራሱን ጉዞ ጀመረ። ዛሬ ስለ ተፈጥሯዊ አኗኗር በሚደረጉ ንግግሮችና በሚወጡ ጽሑፎች የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የአንጋጫ፣ የሾኔ ጓሮዎች የተሟላ ሕይወት አብነት ሆነው ይቀርባሉ። ቆጮው ከጓሮ፣ ጎመኑ ከጓሮ፣ መድኃኒቱ ጤና አዳምና ዳማ ከሴው ከጓሮ፤ ማዳበሪያ አይገዛም፣ ፋርማሲ አይኬድም። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ብዙውም እውነት ነው። ሆኖም «መመገብ» የሚለው ቃል በስሌቱ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ብዙም አይገኝም።

ጥያቄውን ለመመለስ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። መቶ ግራም ቆጮ በግምት 200 ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ወደ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ከቆጮ ብቻ ለማግኘት የሚሻ ሰው አንድ ኪሎ ያህል መብላት አለበት፤ ከዚያ የሚያገኘው ፕሮቲን 10 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን 40 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። ሆዷ ትንሽ የሆነች፣ ጡት የተወች የሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ ይህን ሁሉ ቆጮ ልትበላ ከቶ አትችልም። ቡላውማ ከዚያ የጠራ ስታርች ነው፤ ቫይታሚን ኤ በሁለቱም ውስጥ የለም ቢባል ያስኬዳል። እንግዲህ እንሰት ረሃብን ይመክታል፤ ክዋሽዮርኮርን ግን ብቻውን አይመክትም።

ለመሆኑ የሃዲያና የከምባታ ሰው ይህን ሳያውቅ ኖሮ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ከሐኪም ይልቅ የታሪክ ጸሐፊው ይረዳል። ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ስለ ሃዲያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ፣ በኋላም በ2012 በእንግሊዝኛ ባሳተሟቸው ሥራዎች እንዳሳዩት ሃዲያ በቀደመው ዘመን ከብት አርቢ ነበር፤ እንሰትን አጥብቆ የያዘው በኋላ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተቀላቀለ ሲሄድ ነው። ከዚህም የተነሣ «ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ የጓሮ ኑሮ» የሚባለው ነገር ለሃዲያ ቢያንስ ግማሹ ተረት ነው። የቆጮው ጓደኛ ወተት፣ አይብና ቅቤ ነበር። አታካና የሚባለውን የሃዲያ ምግብ ያየ ሰው ቡላው በቅቤ ውስጥ እንደሚሰጥም ያውቃል፤ ያ ምግብ ከብት ያለው ሕዝብ ምግብ ነው። የጎደለውን የሚሞላው ላሚቱ ነበረች ማለት ነው።

ዛሬ ግን መሬቱ ጠብቧል። ሃዲያና ከምባታ ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው፤ ለግጦሽ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ላም የሌለው ቤት በዝቷል። ላሚቱ ስትሄድ ወተቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው። እንሰት በከብት ፍግ የሚያድግ ተክል ነውና ፍጉም ይሄዳል፤ እንሰቱ ይቀጥናል፤ ሳይደርስ ይቆረጣል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የገለጹት የእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያ አለ። ይህ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ የመቁረጫው ቢላዋ መሆኑ ለጤና ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መርፌን ሳይቀቅሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ መውጋት ነው፤ መፍትሔውም ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በ2000 ዓ.ም. በዐይን ታየ። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ፣ ስኳር ድንቹ ከስሞ፣ የእህል ዋጋ ሲንር፣ በሃዲያ፣ በከምባታና በወላይታ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሕፃናት ወደ ሕክምና መመገቢያ ማዕከላት ጎረፉ። መስኩ ለምለም፣ ጓሮውም አረንጓዴ ነበር፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ስለ ጓሮ ኑሮ በሚጻፉት ውዳሴዎች ውስጥ ይህ ዓመት ሲጠቀስ አይታይም። ሊጠቀስ ይገባው ነበር።

ስለ መድኃኒቱ ጓሮ የሚጻፈው ደግሞ የራሱ ደዌ አለበት። በአካባቢው መድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚወጡት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይከፈታሉ፤ ሰማንያ በመቶ የሚሆነው ሕዝብ በባህል መድኃኒት ይታከማል ይላሉ። ይህ ቁጥር ከዓለም ጤና ድርጅት ስም ጋር ተያይዞ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በስድስት አገሮች ቤተሰቦችን በመጠየቅ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ግን አዘውትረው የባህል ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ከዚያ እጅግ ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል። ኢትዮጵያ ከስድስቱ አንዷ አልነበረችም፤ ቢሆንም አንድን ቁጥር አርባ ዓመት ሳይመረምሩ መሸከም የሳይንስ ልማድ አይደለም።

ከመግቢያው በኋላ ሠንጠረዡ ይመጣል፤ የተክሉ ስም፣ የሚወሰደው ክፍል፣ የሚያድነው በሽታ ይዘረዘራል። ከዚያ የመረጃ ሰጪዎች ስምምነት በቀመር ይሰላል። አሥር ሽማግሌዎች ብሳና ለአንድ በሽታ ይሆናል ብለው ከተስማሙ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነገር ግን የሰዎች መስማማት የመድኃኒት መሥራት አይደለም፤ ደም መቅዳት ጠቃሚ ነው ብለው የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተስማምተው ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው ዐምድ ታማሚው ነው። ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ ሳይሻለው ቀረ፣ ስንቱ ዘግይቶ ጤና ጣቢያ ደረሰ የሚለው አይጠየቅም። መጠኑም «አንድ ጭብጥ» ወይም «አንድ ስኒ» ተብሎ ይታለፋል። ኮሶ ይህን ለማስረዳት ይበቃል። ኮሶ ትልን ያስወጣል፤ አባቶች የሚያውቁት እውነት ነው። ከመጠን ሲያልፍ ግን ዐይንን እንደሚጎዳ፣ እስከ ዕውርነትም እንደሚያደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በዛፉና በብርሃን ማጣት መካከል ያለው ልዩነት ያው ያልተለካው ጭብጥ ነው።

ከእንሰት ጋር በተያያዘ ደግሞ በእንሰት አገሮች ሁሉ የታወቀ ልማድ አለ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የተመረጠ የእንሰት ዓይነት አሚቾ ከወተት ጋር ይበላል፤ ይጠግነዋል ይባላል። ልማዱ አይናቅም፤ ለተሰበረ ሰው ጉልበትና ወተት መስጠት ክፉ ምክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ለመድኃኒት የሚመረጡት እንሰቶች ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ወገን የሚመደቡ አለመሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ብቻውን ፈዋሽነታቸውን አያስተባብልም፤ ሆኖም ምርጫው ከተክሉ ይልቅ በሰው ልማድ ላይ የቆመ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ዋናው አደጋ ግን በአሚቾው ውስጥ አይደለም፤ አሚቾው በሚበላበት ሰዓት ክንዱን በቀርከሃ አጥብቆ ባሰረው በወጌሻው እጅ ነው። ከአገራችን ሆስፒታሎች የወጡ የቀዶ ሕክምና ጽሑፎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ደም እስኪቋረጥ ድረስ የታሰረ ስብራት የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ለወጌሻዎች የተሰጠ አጭር ትምህርት ይህን ጉዳት ሊቀንስ እንደሚችል ገልጸዋል። በአንድ ገጽ ተኩል እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር የተናገረ ጽሑፍ ከመቶ ተክል ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ወጌሻውን አልሰደበም፣ አላወደሰምም፤ የተቆረጡትን ቆጠረ።

የተፈጥሯዊ አኗኗር ጽሑፎች ከባሕር ማዶ ይዘውት የመጡት ሌላ ምክርም አለ፤ ባዶ እግር በአፈር ላይ መራመድ ይፈውሳል ይላል። ይህን በከምባታና በወላይታ ቀይ አፈር ላይ የሚሰብክ ሰው ዝሆኔን አላየም። ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር እንዳስረዱት፣ በደጋውና በዝናባማው እሳተ ገሞራ ወለድ መሬት ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እግር በጥቃቅን የአፈር ብናኝ ምክንያት ያብጣል። ትል የለበትም፣ ትንኝ የለበትም፤ በሽታው ከዚያው ከሚያበላው አፈር ነው። መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው፤ ሁለቱም የሚገዙ ናቸው።

ከጓሮ የሚነሣ ዕውቀት እንዴት ሊጻፍ ይገባ እንደ ነበር ለሚጠይቅ፣ ከሆሳዕና ርቆ በስተሰሜን አንድ አብነት ይገኛል። እንዶድ በሃዲያም አጥር ላይ ይወጣል፤ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ይኸንኑ ነበር። ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የአጣቢዎቹን ዕውቀት አልናቁም፤ ነገር ግን በዚያ አላበቁም። ለኩ፣ ከላይና ከታች ያለውን ውኃ አነጻጸሩ፣ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት መርዛማነቱን መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው «ትክክለኛ ኑሮ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ስለ እንሰት አገር መድኃኒቶች ከሚወጡት ጽሑፎች ውስጥ ይህን ያህል መንገድ የሄደ ጥቂት ነው።

ይህ ማለት ግን ጓሮው ለጤና ባለሙያ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የቆጮው ጉድጓድ ራሱ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ኃይል ምግብን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያቆያል፤ ጥበቡም መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ የሚፍቁት የሴቶች ነው፤ ይህ ድካም በየትኛውም የ«ራስን መቻል» ስሌት ውስጥ አልገባም። ጎመኑም በእጅ ያለ ቫይታሚን ኤ ነው፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጓሮውን ሲጎበኙ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ ይቆጥራሉ። በዚያው ጓሮ ላም መኖሯን፣ ባቄላ መዘራቱን፣ ዶሮ ዕንቁላል መጣሏን፣ ከዕንቁላሉም ስንቱ ለገበያ፣ ስንቱ ለሕፃኗ እንደሚሆን መጠየቅ ተጨማሪ ዐሥር ደቂቃ አይወስድም። በተመላላሽ ክፍልም ቢሆን እግሩ የታሰረውን ልጅ ያመጣች እናት በመጀመሪያ «ማሰሪያው ስንት ቀን ሆነው?» መባል አለባት፤ ትኩሳት የያዘውን ከባደዋቾ ቆላ የመጣ ሰውም ዳማ ከሴ ስንት ቀን እንደ ጠጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ በካርዱ ላይ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር፣ ከነመጠኑና ከነቀኑ ይጻፍ።