አሳብና ሥራ በ«ኩዛሪ» መጽሐፍ፤ የአባቶች ምድር ሃይማኖታዊ ትርጉም

የአይሁድ ሕዝብ በአባቶቹ ምድር መኖሩ ከሃይማኖቱ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ሰው «ኩዛሪ» ከተባለው መጽሐፍ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ደራሲው ይሁዳ ሃሌዊ በእስፓንያ የኖረ ሐኪምና ባለቅኔ ሲሆን፥ መጽሐፉን በዐረብኛ ቋንቋ ጽፎ የፈጸመው በ1140 ዓ. ም. ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይሁዳ ኢብን ቲቦን በ1167 ወደ ዕብራይስጥ ከመለሰው ወዲህ፥ መጽሐፉ በአይሁድ ዘንድ ለእምነታቸው መከላከያ ሆኖ ሲነበብ ኖሯል። ስለ ምድሪቱ የሚናገረው ክፍል በጥንቃቄ ሲመረመር ግን፥ መጽሐፉ ከሌሎች እምነቶች ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ ደራሲው ጋር የሚሟገት መሆኑ ይገለጣል።

የታሪኩ አገባብ የታወቀ ነው። ለካዛር ንጉሥ በሕልሙ መልአክ ተገልጦ፥ አሳቡ በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ፥ ሥራው ግን ያልተወደደ መሆኑን ይነግረዋል። ንጉሡም ፈላስፋውን፥ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ጠይቆ መልሳቸው ስላላረካው፥ በመጨረሻ አይሁዳዊውን መምህር ያስጠራል። ከዚህ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ክፍል የሁለቱ ጥያቄና መልስ ነው።

ስለ ምድሪቱ የሚደረገው ክርክር በሁለተኛው ክፍል ይገኛል። መምህሩ ሕዝቡን በወይን ተክል፥ ምድሪቱን ወይኑ በሚስማማው ኮረብታ፥ ትእዛዛቱንም በአትክልተኛው ድካም ይመስላል። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ፍሬ አይገኝም። ምሳሌው ከኦሪት ሥርዐት ጋር ይስማማል፤ የዐሥራትና የበኵራት፥ የሰባተኛውም ዓመት የምድር ዕረፍት ሕግ በመሠረቱ ከዚያች ምድር ጋር የተያያዘ ነውና። እንግዲህ ምድሪቱ ሕዝቡ የሚቀመጥባት ስፍራ ብቻ አይደለችም፤ የትእዛዛቱ አንድ ክፍል ያለ እርስዋ አይፈጸምም።

መምህሩ ግን በዚህ አይወሰንም፤ ትንቢትም የዚያች ምድር ልዩ ስጦታ ነው ይላል። በዚህ ላይ ክርክሩ ይደክማል። ሙሴ በሲና፥ ሕዝቅኤልም በባቢሎን ምድር ትንቢት ተናግረዋልና። ሃሌዊ ይህን ተቃውሞ ዐውቆ፥ ነቢያት ሁሉ ትንቢት የተናገሩት በምድሪቱ ወይም ስለ ምድሪቱ ነው ሲል ይመልሳል። ነገር ግን «በ» የሚለው ቃል «ስለ» በሚለው ሲለወጥ፥ የቦታ ጠባይ የነበረው ነገር የዓላማ ነገር ይሆናል። ስለ አየሩና ስለ አፈሩ የተነገረው ሁሉ በዚያው መጠን ማስረጃነቱን ያጣል።

የመጽሐፉ ኀይል ያለው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ስፍራ ነው። ንጉሡ ውዳሴውን ሁሉ ከሰማ በኋላ፥ ምድሪቱ ይህን ያህል ከከበረች መምህሩ ስለ ምን ወደ እርስዋ እንደማይሄድ ይጠይቀዋል። መምህሩም ምክንያት አያቀርብም፤ ማፈሩን ይናገራል። በቂሮስ ዘመን የሚበዙት በባቢሎን መቅረታቸውን ያነሣል፤ በዘመኑ ስለ ጽዮን የሚጸለየውንም ጸሎት፥ ትርጉሙን ሳታውቅ ቃል ከምትደግም ወፍ ድምፅ ጋር ያመሳስለዋል። የእምነት ጠበቃ የሆነ ደራሲ በገዛ ወገኑ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታያል።

በአምስተኛው ክፍል መጨረሻ መምህሩ ለመሄድ ይነሣል። ንጉሡም የመንገዱን አደጋ አንሥቶ፥ እግዚአብሔር ልብን ስለሚያውቅ ንጹሕ አሳብ በየትም ቦታ ይበቃል ይለዋል። መምህሩም አሳብ ብቻ የሚበቃው ሥራ በማይቻልበት ጊዜ ነው ሲል ይመልሳል። በዚህም መጀመሪያ በንጉሡ ላይ የተነገረው የሕልሙ ወቀሳ፥ በመጨረሻ በመምህሩ ላይ ይመለሳል። ብዙ አንባቢዎች እንደ ቅጥያ የሚያልፉት ይህ ምዕራፍ፥ እንግዲህ የመጽሐፉ ማሰሪያ ነው። ደራሲውም ቃሉን በሥራ አጸና። በ1140 ወደ እስክንድርያ መጣ፤ በካይሮ ጌኒዛ የተገኙት ደብዳቤዎችም በግንቦት 1141 ከዚያ በመርከብ መነሣቱንና በዚያው ዓመት ማረፉን ያስረዳሉ።

የኋለኞቹ ሊቃውንት ነገሩን ወደ ሕግ ጥያቄ መለሱት። ሙሴ ማይሞኒድስ በምድሪቱ መኖርን ከ613ቱ ትእዛዛት ጋር አልቈጠረውም፤ ራሱም በ1165 ምድሪቱን ረግጦ ኑሮውን በግብፅ አደረገ። ሙሴ ናሕማኒድስ ግን ለትውልድ ሁሉ የተሰጠ ትእዛዝ ነው ብሎ ቈጠረው፤ በ1267ም ሄደ። በተልሙድ የተጻፈው፥ ሕዝቡ ተባብሮ በኀይል እንዳይወጣ የሚከለክለው መሐላ ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ረቢ ኩክ የምድሪቱን መልማት የመዳን መጀመሪያ አድርገው ሲያዩት፥ የሳትማሩ ረቢ ዮኤል ታይተልባውም መንግሥቱን በዚያው መሐላ ተቃወሙ።

የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ የኖሩ እንጂ ተልሙድን የሚያውቁ አልነበሩም። ሆኖም አሳብና ሥራ በእነርሱም ዘንድ ተገናኝተዋል። በስግድ በዓል ከተራራ ወጥተው፥ ጾመውና ሰግደው ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ሲጸልዩ ኖረዋል። በ1862 ደግሞ አባ መሐሪ የተባሉት መነኵሴ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ ብዙዎችም በረኃብና በበሽታ በመንገድ አለቁ። ይህ ታሪክ የምድሪቱ ናፍቆት ከሊቃውንት ክርክር በፊት በኦሪቱ ንባብና በጸሎቱ ሥር የሰደደ መሆኑን ያሳያል። የንጉሡም የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ስለዚህ «ኩዛሪ» ስለ ምድሪቱ ተፈጥሮ የሚያቀርበው ማስረጃ ሁሉ ሊጸና አይችልም። የሚጸናው በጸሎትና በኑሮ መካከል ያለውን ርቀት መግለጡ ነው። በየቀኑ ስለ አንዲት ምድር የሚጸልይ ሰው ለቃሉ ምን ዕዳ አለበት? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ በጠላት አፍ ሳይሆን በወዳጅ ንጉሥ አፍ ማቅረቡ፥ ሐፍረቱንም ሳይሸፍን መጻፉ፥ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ይልቅ ያስከብረዋል።