የጎርጎራ ጠራቢዎች

ጎርጎራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደብረ ሲና ማርያምን ነው። ሥዕሎቿ ዝነኛ ስለሆኑ አይፈረድበትም። ከዚያ በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በገባ የብስ ላይ ግን ማርያም ግምብ የሚሉት ፍርስራሽ አለ፤ የኢየሱሳውያን ካህናት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን። አብዛኛው ጣሪያ ወርዷል። ገብቶ የሚያይ ሰው ዓይን ወዲያው የሚሄደው በድንጋይ ወደ ተፈለፈሉት አበቦች ነው። ሁሉም በአንድ ልክ የወጡ አይደሉም፤ የአንዱ ቅጠል ከሌላው ይለያል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አበባው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ጣሪያው እንደ ቅስት የታጠፈ ነበር። የቅስት ድንጋይ ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ካልተጠረበ ጎረቤቱን አይደገፍም፤ አንዱ ከሳተ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ጠራቢው ይህንን ልክ ጠብቆ፣ በዚያው ፊት ላይ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ፍሬም አውጥቶ፣ በመካከሉ አበባውን ይፈለፍላል። መሮው ትንሽ ቢያልፍ ቅጠል ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የተደከመበት ድንጋይ በሙሉ ነው። ግድግዳውም የራሱ ጥበብ አለው፦ ፊቱ የተጠረበ ድንጋይ፣ ሆዱ በኖራ የተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ። የሚታየውንና የሚሸከመውን ለይቶ ማወቅ የጥሩ ግንበኛ ምልክት ነው።

ሰው ሁሉ ይህንን ለፔድሮ ፓኤዝ ይሰጣል። ስፔናዊው ካህን በ1603 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አገራችን ገብቶ ግዕዝና አማርኛ የተማረ፣ እጁም የማይቦዝን ሰው ነበር፤ ነገር ግን በ1622 ሞቷል፣ ማርያም ግምብ ከእሱ በኋላ ነው። የእሱ ሥራ በ1614 በቀድሞዋ ጎርጎራ ለንጉሡ የሠራው ባለ ፎቅ ቤት ነው። የዘመኑ ካህናት እንደጻፉት መዶሻውንና መሮውን ሳይቀር እያሠራ፣ አያያዙን ለአገሬው ሰዎች አስተማረ። ሕዝቡም «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያየው ይመጣ ነበር። ኖራ ገና አልተገኘም ነበርና ያ ቤት የተያያዘው በጭቃ ነው።

የኢየሱሳውያን ሙያ ግን በየአገሩ አንድ አልነበረም። የፓኤዝ ማኅበር ወንድም ማቴዎ ሪቺ በ1601 ቤጂንግ ሲገባ ለቻይናው ንጉሥ ያቀረበው ሰዓት ነበር። በኋላም የዚያው ማኅበር አባል ፈርዲናንድ ፈርቢስት ለኋለኛው የቻይና ንጉሥ ለካንግሺ ስድስት የነሐስ የሰማይ መለኪያዎች አሠርቶ በ1673 ጨረሰ። ዛሬም አሉ፤ ክብ ቀለበቶቹን ደግፈው የያዙት የነሐስ ዘንዶዎች ናቸው። ልኬቱ የአውሮፓ፣ ዘንዶው የቻይና ነው፤ ነሐስ ማቅለጥ እዚያ የሺህ ዓመታት ሙያ ነው። ሱስንዮስ ኮከብ የሚቆጥርለት ሳይሆን ቤት የሚሠራለት ነበር የፈለገው። ስለዚህ የእኛዎቹ ካህናት ሙያ የተፈተነው በመሮ ነው።

ኖራው ራሱ ከአውሮፓ አልመጣም። በ1621 ገደማ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው ነው፤ የሱስንዮስ ዜና መዋዕልም የንጉሡን የደንቀዝ ግንብ ከሠሩት መካከል አብደልከሪም የሚባል ህንዳዊ ባለሙያን ይጠቅሳል። ማርያም ግምብን «የፖርቱጋል ሥራ» ብሎ መዝጋት የማይመቸኝ ለዚህ ነው።

በ1632 ካቶሊክ ሆኖ የነበረው ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፤ ልጁ ፋሲል ካህናቱን አባረረ። ኖራውን ግን አላባረረም። ጎንደር ላይ ግንበኞቹ ጥቁሩን ድንጋይ ብዙም ሳይጠርቡ በኖራ ደረደሩት፤ ቀዩንና ለስላሳውን ድንጋይ ደግሞ በጥንቃቄ ጠርበው በተለይ በበርና በመስኮት ቅስቶች ዙሪያ አዋሉት። የጎርጎራን የመሰለ የአበባ ጣሪያ እዚያ የለም። ፈጣንና ጠንካራ አሠራር ነው፤ መሮው የሚያርፍበት ቦታ ግን ጠቧል።