ይቺ «አፕ» የምትባል ጉደኛ ቃል

ጉድ በሉ! በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል፣ በእኛም ሲጻፍ ሁለት ፊደል የሆነች አንዲት ቃል አለች፤ «አፕ» ትባላለች። ልጆች ሳለን መምህሩ ጣታቸውን ወደ ጣራው ቀስረው «ወደ ላይ ማለት ነው» አሉን፤ ደብተራችን ላይ ጽፈን አለፍን። ሰሞኑን መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቼ እግር በእግር ስከተላት ሰንብቼ ያገኘሁትን ለሰው ካላወራሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ለካስ ቤታችን ውስጥ ነው የምትኖረው! ሙሽራዋ ሜካፕ ትሠራለች። ዕቃው በፒካፕ ይጫናል። ነፍሰ ጡሯ ፎሎው አፕ አላት፣ አባወራው ቼካፕ ይቀረዋል፣ ጂም የገባው ጎረምሳ ፑሻፕ ይሠራል፤ ኮምፒውተር የተበላሸበትን ሰው ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባካፕ አለህ?» ብሎ ነው። ምሳ በልተን «ሴቨን አፕ አምጪልኝ» ስንል እንኳ እሷው ናት። (መጠጡን እ.ኤ.አ. በ1929 ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ቻርልስ ላይፐር ግሪግ የሚባል ሰው ነው ያወጣው፤ ሰባቱ ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።) ኬቻፕን ግን አትቁጠሩት። እሱ ዘመድ መስሎ የገባ እንግዳ ነው፤ የዘር ሐረጉ ወደ እስያ ይመዘዛል።

ሜካፕን ብቻ ነጥለን እንያት። እኛ ከሜካፕ የወሰድነው ሁለት ነገር ነው፤ የፊት ቅባቱንና የዩኒቨርሲቲውን። መምህሩ ሲቀሩ ሜካፕ ክላስ ይያዛል፣ ታሞ ፈተና ያመለጠው ተማሪ ሜካፕ ይፈተናል። እንግሊዞቹ ዘንድ ግን ጉዱ ገና መጀመሩ ነው። ተኳርፈው የከረሙ ፍቅረኞች ሲታረቁ «ሜክ አፕ» አደረጉ ይባላል። የቤት ሥራዬን ውሻ በላብኝ የሚል ልጅ ታሪኩን «ሜክ አፕ» አድርጎ ነው። ለእንግዳ አልጋ ሲነጠፍ እሷ ናት፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒት ሲቀምም እሷ ናት፣ 11 ተጫዋቾች አንድ ቡድን ሲሆኑም እሷው ናት። ሲያመነታ የቆየ ሰው በመጨረሻ ሲቆርጥ ሐሳቡን «ሜክ አፕ» አደረገ ይሉታል። መታረቅ፣ መዋሸት፣ ማንጠፍ፣ መቀመም፣ መቁረጥ! እኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ እናወጣለን፤ እነሱ በአንድ ግስና በአንዲት «አፕ» ይገላገላሉ።

እዚህ ላይ ግን ቁጭ ብድግ ያሰኘኝን ልንገራችሁ። «ኢት» በላ ነው፤ «ኢት አፕ» ግን ወደ ላይ በላ አይደለም፣ ጥርግ አድርጎ በላ ነው! «ድሪንክ» ጠጣ ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ ጠጣ ነው። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። «ታይ አፕ» ጥፍር አድርጎ አሰረ፣ «ሎክ አፕ» ጥርቅም አድርጎ ቆለፈ፣ «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ ሞላ፣ «ድራይ አፕ» ክው ብሎ ደረቀ። ያቺ ወደ ጣራ የምታመለክት ቃል እዚህ ሥራዋ ሌላ ነው፤ ነገሩ ምንም ሳይቀር መጨረሻው ድረስ መሄዱን ትመሰክራለች። እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ሊዘጋ ሲል ደንበኛው የተቀዳለትን ጨልጦ እንዲወጣ የምትሰጠው ደቂቃ በሕጋቸው ሳይቀር የታወቀች ነበረች፤ ስሟም «ድሪንኪንግ አፕ ታይም»። የመጨለጫ ሰዓት እንበላት?

ደግሞ ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሀብታሞቹ እኛ ነን። ጥርግ ለምግብ ነው፣ ጭልጥ ለመጠጥ፣ ጥፍር ለገመድ፣ ጥርቅም ለበር፣ ጢም ለማድጋ፣ ክው ለደረቀ ነገር። አንዱን በሌላው ቦታ ብናስገባው አያት ይስቁብናል። እነሱ ያችኑ አንዷን ከግስ ግስ እያዛወሩ ይሠሩባታል። ቁጠባውም ያስደንቃል፣ ባለጠግነቱም ያስደንቃል፤ እኔ በበኩሌ «ጭልጥ»ን በምንም አልለውጥም።

እንዲያው በትርጉም ብዛት ከሆነ አንደኛዋ እሷ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ባለ 20 ቅጽ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ዝናው የገነነው በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት» የሚሆነው ግስ ነው፤ 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል። ግን እሱ ግስ ነው፣ መሥራት ልማዱ ነው። የኔዋ አቅጣጫ ጠቋሚ ሆና ሳለ ይህን ሁሉ መሸከሟ ነው የሚገርመው።

አቅጣጫውስ ቢሆን መች ይታመናል! በብሪታንያ የባቡር ሐዲድ ወደ ለንደን የሚሄደው መስመር «አፕ»፣ ከለንደን የሚወጣው «ዳውን» ነው። ካርታ ላይ ስኮትላንድ ከላይ፣ ለንደን ከታች ናት፤ ከኤድንብራ ወደ ለንደን ቁልቁል የሚወርደው ባቡር ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው! ከፍታውን የሚወስነው የከተማዋ ክብር እንጂ ኮረብታው አይደለም። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪም ወደዚያ «ይወጣል» እንጂ አይሄድም፤ ጥፋት ሠርቶ ሲባረር ደግሞ «ወደ ታች ተላከ» ይባላል።

ይባስ ብሎ ከባላንጣዋ ጋር ትስማማለች። መኪና ሲያዘግም «ስሎው ዳውን» ይላሉ፣ «ስሎው አፕ»ም ይላሉ፤ ሁለቱም ያው ነው። ከራሷ ጋር ግን አትስማማም። «ታይም ኢዝ አፕ» ከተባለ ጊዜው አልቋል፤ «ዘ ሲስተም ኢዝ አፕ» ከተባለ ግን ሲስተሙ ሥራ ጀምሯል። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይህችኛዋን «አፕ» ቢወዳት አልፈርድበትም።

«ዋትስ አፕ?» ደግሞ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የተመሠረተው የመልእክት መላላኪያ ስሙን ያገኘው በዚሁ ሰላምታ ላይ በተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው፤ የሰላምታውን «አፕ» አንስተው አፕሊኬሽን ከሚለው ያጠረውን «አፕ» ተኩበት። በእንግሊዝኛው ሁለቱ «አፕ» በአጻጻፍም በድምፅም ይለያያሉ፤ ጨዋታው የሚያዘው ለጥቂት ነው። በእኛ ፊደል ግን ያችም «አፕ»፣ ይችም «አፕ»! የፈረንጆቹ ቀልድ ከራሳቸው ቋንቋ ይልቅ በግዕዝ ፊደል ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ያውም ማንም ሳያስብበት።