የሞት ዋጋ በታደሰው «ኮንትራ»

አንድ የቆየ ተውኔት ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ሐያሲው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የአልባሳቱን ውበት ወይም የመብራቱን ድምቀት አይደለም። ሊመረምረው የሚገባው ያ ሥራ በመጀመሪያ ዘመኑ ከተመልካቹ ምን ይጠይቅ እንደ ነበርና ዛሬስ ምን እንደሚጠይቅ ነው። ቃለ ተውኔቱ ሳይለወጥ መንፈሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በአንጻሩም ብዙ ነገሩ ተለውጦ ዋናው ሕጉ ጸንቶ ሊገኝ ይችላል። ማደስ ማለት ከውርስ ውስጥ የሚጠበቀውንና የሚጣለውን ለይቶ መምረጥ ነው፤ ምርጫውም ምንጊዜም የመራጩን አቋም ያሳያል።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ ከቴአትር ቤት ቅጥር ውጪም ይነሣል። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2024 «ኮንትራ፦ ኦፐሬሽን ጋሉጋ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ለገበያ ቀርቧል። አሳታሚው የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ፣ ሠሪው ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ዌይፎርዋርድ ነው። ሥራው ኮናሚ ራሱ በ1987 ያወጣው «ኮንትራ» እንደገና የታነጸበት ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እየሮጡ፣ እየዘለሉና እየተኮሱ ወደ ፊት ስለሚገፉባቸው ጨዋታዎች ሲወራ ቀድመው ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ይህ ነው።

ነገሩ «ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለወጣቱ የጀግንነትን፣ የጠላትንና የሞትን ሥዕል የሚስልለት ዛሬ ልብ ወለዱና ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ በእጁ የሚጫወተው ሥራም ጭምር ነው። የቴአትር ተመልካች የጀግናውን ሞት ከወንበሩ ሆኖ ያያል። ተጫዋቹ ግን ጀግናውን በገዛ ጣቱ ስሕተት ይገድለዋል። ይህን የመሰለ ኃይል ያለው ቅርፅ ያለ ሂስ ሊተው አይገባውም።

የአንዲት ጥይት ሕግ

የጥንቱ «ኮንትራ» ታሪክ አጭር ነው። ዘመኑ 2633 ነው። ቢል ራይዘርና ላንስ ቢን የተባሉ ሁለት ወታደሮች በኒው ዚላንድ አቅራቢያ ወደሚገኙት የጋሉጋ ደሴቶች ይላካሉ፤ ተልእኳቸውም ሬድ ፋልከን የተባለውን የጠላት ኃይል መደምሰስ ነው። ከጫካ ይነሣሉ፤ ምሽግ ይሰብራሉ፤ ፏፏቴ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የበረዶ ሜዳ ያቋርጣሉ፤ በመጨረሻም ከባዕድ ዓለም የመጣውን ፍጡር ከልቡ ይገጥሙታል። ሁለቱ ጀግኖች በዚህ ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል አይናገሩም። የሚናገረው ድርጊታቸው ነው።

ሥራውን ሥራ ያደረገው ግን ታሪኩ ሳይሆን ሕጉ ነበር። ሕጉም «አንዲት ጥይት የነካችው ይሞታል» የሚል ነው። በ1988 በወጣው የቤት ውስጥ ዝግጅት ተጫዋቹ ሦስት ነፍስ ብቻ ይሰጠዋል፤ በሞተ ቁጥርም ያገኘውን የተሻለ መሣሪያ ይነጠቃል። ያጠፋ ሰው ባዶ እጁን ከነበረበት ይቀጥላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህ ሕግ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። ከኪነ ጥበብ መርሕ ብቻ የመነጨ አልነበረም። ጨዋታው መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ሳንቲም እየተከተተበት በሚሠራ ማሽን ነው። ተጫዋቹ ቶሎ በሞተ ቁጥር ሌላ ሳንቲም ቶሎ ይወድቃል። በግልጽ ቋንቋ ለመናገር፣ የተጫዋቹ ሞት የባለ ማሽኑ ገቢ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ጭካኔ እንደ ንጹሕ ጥበብ አድርገው የሚያወድሱ ሰዎች የታሪኩን ግማሽ ይረሱታል።

ይህ ሲባል ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ለትርፍ የተበጀው ሕግ በተጫዋቾቹ እጅ ሌላ ትርጉም አገኘ። ደጋግሞ መውደቅ የጠላትን አሰላለፍ ማጥኛ ሆነ፤ ጥይቱ ከየት እንደሚነሣ፣ መቼ መዝለል፣ መቼም በደረት መተኛት እንደሚገባ በትዕግሥት ተጠና። ተማሪ መዝገበ ቃል ሳይገልጥ ግጥም በቃሉ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ተጫዋቹ ጫካውን በጣቶቹ ያዘው። ነጋዴው ሳንቲም የለቀመበትን ሞት ተጫዋቹ ትምህርት አደረገው።

ከዚህም ጋር ተያይዞ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለው የኮናሚ ባለሙያ በ1986 «ግራዲየስ» የተባለውን ጨዋታ ለቤት መሣሪያ ሲያዘጋጅ፣ ጨዋታው ስለ ከበደው ለራሱ መፈተኛ እንዲሆነው የምስጢር ቁልፍ አበጀ፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያም ሁለቱ ፊደላት። ይኸው ቅደም ተከተል በቤቱ «ኮንትራ» ሦስቱን ነፍስ ሠላሳ ያደርጋቸዋል። ምስጢሩ እንደ ሥነ ቃል ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። ማንም አልሸጠውም፤ ያወቀ ላላወቀ ነገረ። ሃሺሞቶ በ2020 ሲያርፍ በብዙ አገር ያዘኑለት ሰዎች ያስታወሱት ይህንኑ ስጦታ ነው።

ሌላው የጥንቱ ሥራ ትምህርት የሚገኘው በፏፏቴው ምዕራፍ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ሲጫወቱ አንደኛው ጓደኛውን ሳይጠብቅ ሽቅብ ከዘለለ፣ መስኮቱ ፈጣኑን ተከትሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከታች የቀረው ከመስኮቱ ጠርዝ ወድቆ ይሞታል። ጠላት አልተኮሰበትም። የገደለው የጓደኛው ጥድፊያ ነው። ስለ ኅብረት ብዙ ገጽ የተጻፈባቸው ተውኔቶች ይህን ያህል በግልጽ ያልተናገሩት ነገር እዚህ ያለ አንዲት ቃል ተነግሯል። ቅርፅ ራሱ ይዘት ሲሆን ማለት ይህ ነው።

የታደሰው አካል

ወደ አዲሱ ሥራ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ጨዋታ ላይ የሚገኘው ግንዛቤ መልካም ነው። ዌይፎርዋርድ ለውርሱ ባዕድ አይደለም፤ በ2007 «ኮንትራ 4»ን የሠራው እሱው ነው። ኮናሚ በ2019 «ሮግ ኮርፕስ» በሚል ያወጣው ሥራ ከውርሱ ርቆ ሄዶ በብዙዎች ዘንድ ስለ ተነቀፈ፣ ወደ ጋሉጋ ደሴቶች መመለሱ ስሕተትን እንደ ማረም ይቆጠራል። ጫካው አለ። ፊደል የተጻፈባቸው የመሣሪያ ማኅደሮችም አሉ። ሩጫው፣ ዝላዩና ተኩሱ ለጣት ትእዛዝ ፈጥኖ ይታዘዛል። ሰውነቱ በሕይወት አለ ማለት ይቻላል።

ከአዲሶቹ ፈጠራዎች መካከል ከልብ ሊመሰገን የሚገባው መሣሪያን መሠዋት ነው። ተጫዋቹ ሁለት መሣሪያ ይይዛል፤ አንዱን መሣሪያ ደግሞ ቢያገኘው ኃይሉ ይጨምራል። በአስጨናቂ ሰዓት ግን ከያዘው መሣሪያ አንዱን ፈጽሞ ሰጥቶ ለአንድ አፍታ ታላቅ ኃይል ማግኘት ይችላል። የጥንቱ ሥራ መሣሪያህን በጥፋትህ ይነጥቅህ ነበር፤ አዲሱ «ራስህ ምረጥና ስጥ» ይላል። ይህ የአሮጌውን ሕግ መንፈስ ተረድቶ ያሳደገ ፈጠራ ነው። ማጣት ቅጣት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ውሳኔ ሆኗል፤ የድራማ እምብርት ደግሞ ውሳኔ ነው።

የምስሉና የቃሉ ነገር ግን በዚህ ደረጃ አይገኝም። የጥንቶቹ ምስሎች በጥቂት ነጠብጣብ የተሠሩ ስለ ነበሩ ጥይቱና ጠላቱ ከመደቡ ፍጹም ተለይተው ይታዩ ነበር። በአዲሱ የጀርባው ዝርዝር በዝቶ ዐይንን ይሻማል፤ ተጫዋቹ አንዳንዴ የሚሞተው ባለመቻሉ ሳይሆን ባለማየቱ ነው። በታሪክ መልክ በሚቀርበው ክፍልም ዝምተኞቹ ወታደሮች ብዙ ይናገራሉ። ንግግር በተውኔት የሚገባው ድርጊትን ሲያፋፍም ወይም ጠባይን ሲገልጥ ነው። እዚህ ግን ንግግሩ ድርጊቱን አስቁሞ የታየውን መልሶ ይተርካል። ፉከራ ከዘመቻው መካከል ቆሞ ሲደሰኮር ፉከራነቱ ይቀራል።

በሱቅ የተሸጠ ነፍስ

ዋናው ጥያቄ ሞትን ይመለከታል። «ኦፐሬሽን ጋሉጋ» ለተጫዋቹ ሁለት መንገድ ያቀርባል። ከፈለገ በአሮጌው ሕግ በአንዲት ጥይት ይሞታል፤ ካልፈለገም ብዙ ጥይት የሚችል የጤና መጠን ይሰጠዋል። ይህ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ጣቱ የደከመ ጎልማሳና ገና ጀማሪ ሕፃን በአንድ ቤት አብረው እንዲጫወቱ በሩን ከፍቷል፤ በታሪኩ ክፍል ሁለት ሰው፣ በሌላው ክፍል እስከ አራት ሰው ጎን ለጎን ይሰለፋል። ጥበብ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይሁን የሚል ሰው ከሰፊው ሕዝብ ወገን አይደለም።

አሳሳቢው የሚቀጥለው እርምጃ ነው። ተጫዋቹ በተጫወተ ቁጥር የጨዋታው ገንዘብ ይጠራቀምለታል፤ ገንዘቡንም ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል። እዚያ ተጨማሪ ነፍስ ይገዛል፤ የጤናውን መጠን ያስጨምራል፤ ሲሞት መሣሪያው እንዳይወሰድበት ዋስትና ይገዛል። ገንዘቡ በጨዋታው ውስጥ በጥረት የሚገኝ እንጂ ከኪስ የሚወጣ አለመሆኑ መልካም ነው። ሐሳቡ ግን የሱቅ ሐሳብ ነው። በጥንቱ ሥራ ተጫዋቹ በሁለተኛው ቀን የተሻለ የሚጫወተው እሱ ራሱ ስለ ተለወጠ ነበር። በአዲሱ ተጫዋቹ ሳይለወጥ የጀግናው ዕቃ ስለ ተለወጠ ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። አንደኛው ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ሸመታ ነው። ሠላሳውን ነፍስ ልጆች በነጻ ይቀባበሉት እንደ ነበር ሲታሰብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ሱቁ መኖሩን እየረሱ፣ በአንዲት ጥይት ሕግ፣ ያለ ምንም ግዢ መጫወት ይቻላል፤ ሥራውም እውነተኛ ውበቱን የሚገልጸው ያኔ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ዝላይ ክብደት ያገኛል፤ መሣሪያን መሠዋትም በእርግጥ መሥዋዕትነት ይሆናል። ሠሪዎቹ የውርሱን ሕግ ያውቁታል፤ ያውቁትና ግን ከምርጫዎች መካከል አንዱ ብቻ አድርገው አስቀምጠውታል።

ስሙ የያዘው ደም

ስለ ሞት ዋጋ ከተነሣ በኋላ የጨዋታውን ስም በዝምታ ማለፍ አይቻልም። በኒካራጓ የሳንዲኒስታ ግንባር የሶሞሳን አገዛዝ በጁላይ 1979 ከገረሰሰ በኋላ፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተደራጁት ታጣቂዎች «ፀረ አብዮት» ከሚለው የስፓኝ ቃል አጥረው «ኮንትራ» ተባሉ። በጦርነቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጁን 27 ቀን 1986 አሜሪካ ታጣቂዎቹን በማስታጠቅና በመርዳት ዓለም አቀፍ ሕግን እንደ ጣሰች ፈረደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ በስውር ለኢራን ከተሸጠ መሣሪያ የተገኘ ገንዘብ ለእነዚሁ ታጣቂዎች ይተላለፍ እንደ ነበር ተጋለጠ። ጨዋታው የወጣው ከዚህ ሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1987 ነው።

በጃፓን የጨዋታው ስም በድምፁ ተመሳስሎ የተጻፈው በሦስት የቻይና ምልክቶች ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምልክት ትርጉሙ «ነፍስ» ነው። እንዲህ ቢጻፍም የስሙ ምንጭ አልተሰወረም፤ የማሽኑ ጨዋታ መዝጊያ ሙዚቃ ርእስ «ሳንዲኒስታ» ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀው የቤት ጨዋታ መመሪያ ደግሞ ታሪኩን ከ2633 አውጥቶ ወደ ራሱ ዘመን፣ ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫካ አዛወረው። አገሩና ዘመኑ እንዲህ ወደ እውነተኛው ጦርነት ሲቀርቡ የጠላት መልክ ለማን እንደ ተሰጠ መገመት አያዳግትም።

አውሮፓ ደግሞ በሌላ መንገድ ሸሸ። ወጣቶችን ከጦርነት ምስል ለመጠበቅ በጀርመን በወጣው ሕግ ምክንያት፣ በ1990 የቀረበው የቤት ጨዋታ «ፕሮቦቴክተር» ተብሎ ጀግኖቹም ጠላቶቹም ሮቦት ሆኑ። ስሙ ተቀየረ፤ ሰው በብረት ተተካ፤ ተኩሱ ግን አልተነካም። ዛሬ በ«ኦፐሬሽን ጋሉጋ» ያ ሮቦት ከተጫዋቾቹ መካከል አንዱ ሆኖ ተመልሷል። የሳንሱሩ ትዝታ ወደ ጌጥነት ተለውጧል ማለት ነው። ስለ ስሙ ግን ሥራው ዛሬም አንዳች አይልም፤ ሰሙ በጥንቃቄ ተወልውሎ ወርቁ እንደ ተቀበረ ቀርቷል።

ይህ ሲባል ኩባንያዎቹ የታሪክ መማሪያ ይሥሩ ማለት አይደለም። ስሙ ይሰረዝ ማለትም አይደለም፤ ስምን መሰረዝ መርሳትን ያፋጥናል እንጂ አያርምም። ሆኖም አንድ ሥራ ያለፈውን ለማደስ ከተነሣና ያንን ሁሉ ቃል ለወታደሮቹ አፍ ከሰጠ በኋላ፣ ከስሙ ጋር የተያያዘውን ሞት ለመንካት አንዲት ቃል ማጣቱ የአቅም ጉድለት አይደለም፤ የፈቃድ ጉድለት ነው።

ስለሆነም ፍርዱ ሁለት መልክ አለው። «ኦፐሬሽን ጋሉጋ» በእጅ የሚያዝ ሥራ እንደ መሆኑ ብርቱ ነው፤ መሣሪያን መሠዋትን በመሰለ ፈጠራው ከአባቱ ጎን ሊቆም ይችላል። ሞትን ለሱቅ ማቅረቡ፣ በስሙም ላይ ዝም ማለቱ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ድክመቶች ናቸው፤ ሁለቱም ሞት ሳይከብድ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ወጣቶች ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ያገኘ መምህር መሣሪያውን ከእጃቸው ከመንጠቅ ይልቅ፣ ከሱቁ ምንም ሳይገዙ የአንዲት ጥይትን ሕግ መርጠው ፏፏቴው ድረስ እንዲደርሱ ይጠይቃቸው። በዚያ ትንፋሽ ሲወስዱ ደግሞ «ኮንትራ» የተባሉት እነማን እንደ ነበሩ፣ መሣሪያቸውንስ የገዛው ማን እንደ ነበር ይንገራቸው።