ለቃሚዋ የት ገባች? (ስለ «ብላክ ጎልድ» ፊልም)

ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በ1998 ዓ.ም. ለእይታ ያበቁት «ብላክ ጎልድ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ስለ ኢትዮጵያ ቡና ነው። ጅማ ተቀምጦ ይህን ፊልም አለማየት ቡና ተፈልቶ ሳይጠጡ እንደ መነሣት ነው። አይተን ግን ዝም አንልም።

ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን የአቶ ታደሰ መስቀላን እግር ተከትሎ ከገበሬው መንደር እስከ ባሕር ማዶ ገበያ ይጓዛል። እሳቸው ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ገዢ ያፈላልጋሉ። በመካከሉ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ ለቅመው የሚያገኙት ግማሽ የአሜሪካን ዶላር ገደማ ነበር። ተመልካቹ ከንፈሩን ይመጣል፤ ካሜራው ያልፋል።

ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ የድህነት ምስክር እንጂ የሙያ ባለቤት ሆነው አልቀረቡም። ለመሆኑ ምን እየሠሩ ነው? ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ በጆንያ የሚጫነው ቡና ደረጃ የሚያገኘው በቅምሻ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን በተሠራበት ምዘና፣ በ300 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ ከ46 እስከ 100 እንከን ከተቆጠረ ደረጃው 5 ነው፤ ከ4 እስከ 12 ብቻ ከሆነ ግን 2 ይሆናል። ታዲያ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበላውን ፍሬ ነቅሶ ያወጣው የማን ዓይን ነው? ፊልሙ ደመወዟን ቆጠረ፤ ሥራዋን ግን አልቆጠረም።

ሌላም አለ። ፊልሙ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ኒው ዮርክ ገበያና እ.ኤ.አ. በ2003 ካንኩን ላይ ወደ ተሰበሰበው የዓለም ንግድ ድርጅት ነው። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም ቡና ስምምነት ኮታ ከፈረሰ በኋላ ዋጋው እንዴት እንደ ተንኮታኮተ ገበሬው ያውቀዋል። ይሁንና የለቃሚዋን የቀን ሒሳብ የሚቆርጠው ኒው ዮርክ አይደለም፤ እዚሁ አገር ያለ አሠሪ ነው። የቡና ዋጋ ቢወጣም የቀን ሠራተኛ ናትና ጭማሪው በራሱ እጇ አይገባም። ይህን ጥያቄ ፊልሙ ሳይነካው ያልፋል።

እኛስ? ስለ ቡና ስንጽፍ ከጀበናውና ከጭሱ መች አለፍን? እስቲ ቀጥሎ የምንጽፈው አጭር ልቦለድ በማለዳ መጋዘን በር ላይ ቆማ ተራዋን ከምትጠብቀው ሴት ይጀምር። ስም ይኑራት። ስትናገርም እንስማት።