የሥዕል ደብተር ሲመዘን

ቀለም፣ ቁራጭ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ክርና የእጅ ጽሑፍ በአንድነት የሚሰፍሩበትን የሥዕል ደብተር ለመመዘን ከአንድ ጣት የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም። ገጹ ላይ ከተለጠፉት ነገሮች አንዱን መርጣችሁ በጣታችሁ ሸፍኑት። ያ ነገር ከዓይን ሲሰወር ገጹ ምንም ካልጎደለበት ጌጥ ብቻ ነበር። ገጹ ከተዛነፈ፣ ዓይን ማረፊያ ካጣ፣ ከጎኑ ያለው ቀለም ድንገት ከደበዘዘ ግን ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጣቱን ወደ ሌላው አዛውሩ። ጥሩ ገጽ የትም ብትሸፍኑት አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ይህን ፈተና የማስቀድመው ሚክስድ ሚዲያ፣ ማለትም የተለያዩ ቁሶችን በአንድ ገጽ ማዋሃድ፣ ለጀማሪ እጅግ ለጋስ የሆነ አሠራር ስለሆነ ነው። መሳል የማይችል ሰው ሳይሸማቀቅ ይገባበታል፤ አንድ የመጽሔት ቁራጭ፣ ትንሽ ወርቅማ ቀለምና አንድ የደረቀ አበባ ተገናኝተው ወዲያው ዓይን የሚስብ ነገር ይወጣቸዋል። ማማር እንዲህ በቶሎ በሚመጣበት ሥራ ላይ ማማር ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። መፈለግ ያለብን ቁሶቹ ሲመላለሱ ማየትን ነው። ከታች የተቀባው ቀለም በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት መጥራት አለበት፤ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው መስመር አቅጣጫ መስጠት አለበት። ገጹን ስናየው የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ መገመት ከቻልንና ተከታዩ የመጣው በቀዳሚው ምክንያት መሆኑ ከታየን፣ ሠሪው ጀማሪም ቢሆን ዓይን አለው።

ነገሩን ከመነሻው ለማየት ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የሠራውን ባለ ወንበር ሽመና ሥዕል ማስታወስ ይጠቅማል። ትንሽ ሞላላ ሸራ ነው። ፒካሶ የወንበር ሽመና ምስል በማሽን የታተመበትን፣ በዘይት የተነከረ የጠረጴዛ ጨርቅ ለጠፈበት፤ አጠገቡ በቀለም ቀባ፤ ዙሪያውን ደግሞ በእውነተኛ ገመድ ከበበው። ሽመናው ሽመና አይደለም፣ ሕትመት ነው። ገመዱ ግን ገመድ ነው። በመካከላቸው ያለው ቅብ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠይቃል፦ እውነቱ የትኛው ነው? ገመዱን በቀለም ስሎት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣም ነበር። ከዚህ የሚወጣው መመዘኛ ለጀማሪ ደብተርም ያገለግላል፦ ይህ ቁስ እዚህ የመጣው ቀለም ሊለው የማይችለውን ለማለት ነው ወይስ ስለተገኘ ብቻ?

ጠርዝን ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው የሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» እ.ኤ.አ. በ1964 በቴምፔራና በብረታማ ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ የተሠራበትም የተቆረጠና የተቀደደ ካርቶን ነው። ተቆርጧልም፣ ተቀድዷልም። ሁለቱ ለዓይን አንድ አይደሉም። መቀስ የሚያወጣው ጠርዝ ቆራጥና ቀዝቃዛ መስመር ነው፤ እጅ የሚቀድደው ጠርዝ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሳሳል፣ የወረቀቱን የውስጥ ነጭ ቃጫ ያሳያል። የታተመ ወረቀት ስትቀድዱ፣ እንደምትስቡበት አቅጣጫ፣ ነጩ ጠርዝ ከሁለቱ ቁራጮች በአንደኛው ላይ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነጩን ብርሃን በሚፈልግበት በኩል ያስቀረዋል። ስለዚህ ደብተር ስመለከት ከምስሎቹ በፊት ጠርዞቹን አያለሁ። ሁሉም በመቀስ የተስተካከሉ ከሆኑ ወይም ሁሉም በዘፈቀደ የተቀደዱ ከሆኑ ሠሪው ገና ምርጫ እንዳለው አላወቀም።

ርቀትም ይፈትናል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮምፒውተር ክፍሎችን እየሸመነና እየመታ በሰሌዳ ላይ የሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ከሰማይ ላይ የተነሣ የመሬት ገጽታ ይመስላሉ። ሲቀርቧቸው ሽቦው ሽቦ ሆኖ ይመጣል፤ ሰው እጅ ገብቶ የነበረ ዕቃ መሆኑ ይሰማል። ሁለቱም ዕይታ ሙሉ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ደብተርንም በክንድ ርቀት አንዴ፣ በስንዝር ርቀት አንዴ እዩት። ከሩቅ ትልቁ የብርሃንና የጨለማ ክፍፍል ካልታየ ገጹ አቧራ ይሆናል። ከቅርብ አዲስ ነገር ካልሰጠ ደግሞ ሌላ ዕይታ አያስፈልገውም።

ፊደል ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ለጀማሪ ዘወትር የሚሰጠው ምክር የአሮጌ መጽሐፍ ወይም የጋዜጣ ገጽ ለጥፎ በላዩ በስሱ መቀባት ነው። በማናነበው ቋንቋ ከሆነ ጽሑፉ ግራጫ ሸካራነት ሆኖ ይቀመጣል። የአማርኛ ጋዜጣ ሲሆን ግን ዓይናችን ሳያነብ አያልፍም። ከወፍ ሥዕል ሥር የጨረታ ማስታወቂያ ብቅ ካለ ወፏ ተረስታ የጨረታው ማስከበሪያ ይነበባል። ያን ያሰበበት ሰው ጋዜጣውን ይገለብጠዋል፣ በትንንሹ ይቀድደዋል፣ ወይም ሊታይ የሚገባውን አንድ ቃል ብቻ ትቶ ሌላውን በነጭ ቀለም ያደበዝዘዋል። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ላይ ሲሠሩ የማየት ልምድ አለን፦ በብራና ጥቅልል ላይ የተሠሩ ክታቦች ጸሎቱንና ትልልቅ ዓይን ያላቸውን ጠልሰሞች አንዱ ሌላውን እንዲያጸና አድርገው ያስቀምጧቸዋል። በዘመናችን ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን ሰባብሮ፣ ለጥጦና ገልብጦ ቃል መሆኑ ቀርቶ አካል እንዲሆን አድርጎታል። ሁለቱም መንገድ ያምራል። የሚያስከፋኝ መሃል ላይ የቀረው ነው፤ ለመነበብ ያልተመረጠ፣ ላለመነበብም ያልተሠራበት ጽሑፍ።

የሠሪው የራሱ የእጅ ጽሑፍም በዚሁ ሚዛን ይገባል። በጌጠኛ ፊደል የተጻፈ የታዋቂ ሰው አባባል ገጹን ሲሞላ ብዙ ጊዜ ባዶነትን ይሸፍናል። በተራ እስክሪብቶ፣ በዕለት የእጅ ጽሑፍ «ዛሬ ውሃ ጠፋ» የሚል መስመር በሰማያዊ ቅብ ላይ ሲያልፍ ግን ሰማያዊው ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን ደብተሩን ወደ መስኮት ውሰዱና ብርሃን በጎን እንዲመታው ገጹን አጋድሙት። ከፊት ሲያዩት የማይታይ ሁሉ ይወጣል፦ አየር ያዘሉ እብጠቶች፣ የተነሡ ማዕዘኖች፣ በጠርዝ ተርፎ የደረቀ ኮላ የሚያወጣው ብልጭታ። የእንጨት ኮላ በጥቂት ውሃ ቀጥኖ እስከ ጠርዝ ድረስ በብሩሽ ከተቀባና ከመሃል ወደ ውጭ ከታሸ ወረቀቱ ይተኛል። መሃሉ ላይ ጠብ ብሎ የተጫነ ኮላ ግን ምንጊዜም ራሱን ያጋልጣል። በጨረፍታ ልጥቀሰው እንጂ የወረቀቱ ውፍረትም ይናገራል፦ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ የውሃ ቀለም ወረቀት 300 ግራም ይደርሳል፤ ስለዚህ ስስ ደብተር ላይ ቀለም በውሃ ሲፈስ መጨማደዱ አይቀርም። መጨማደዱን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ሁለት ቅጠል አጣብቆ ወፍራም ገጽ የሠራ ጀማሪ ግን ቀድሞ ያሰበ ነውና ነጥብ እሰጠዋለሁ።

የቁሶች ቅደም ተከተልም በዚያው የጎን ብርሃን ይነበባል። ሰምና ዘይት ውሃን ይገፋሉ። በነጭ ሻማ መስመር ስቦ በላዩ የውሃ ቀለም ያፈሰሰ ሰው መስመሩ ከቀለሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣለት በዚህ ባሕርይ ተጠቅሟል። የዘይት ፓስቴል ላይ አክሬሊክ ቀብቶ ቀለሙ እየተላጠ የሚረግፍበት ሰው ግን ያንኑ ባሕርይ አላወቀውም። በአክሬሊክ የተሸፈኑ ሁለት ገጾች ፊት ለፊት ሲዘጉ በሙቀት ይጣበቃሉ፤ በሞቃት አገር የሚኖር ሰው በመካከላቸው የሰም ወረቀት ማስገባት አለበት።

ጊዜ የሚያደርገውን ሳያዩ መመዘን ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ጋዜጣ ከተራ የእንጨት ፍጭ ስለሚሠራ በብርሃንና በራሱ አሲድ ይቃጠላል፤ ፒካሶና የሥራ ባልደረባው ብራክ የለጠፏቸው ጋዜጦች ነጣ ብለው ገብተው ዛሬ ቡናማ ሆነዋል። ግልጽ ፕላስተር ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ማጣበቂያውም ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይበክለዋል። እርድ በወረቀት ላይ የሚያወጣው ብጫ ያስደንቃል፣ ነገር ግን ብርሃን ቶሎ ያጠፋዋል፤ ማረጋገጥ የፈለገ አንድ ቁራጭ ቀብቶ ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ መስኮት ላይ ያስቀምጠውና ጥቂት ሳምንት ይጠብቅ። ሁሉም ነገር ዘላለማዊ ይሁን አልልም። ጋዜጣው እንዲነድ የፈለገ ሰው ይለጥፈው። እንዲቆይለት የፈለገው ግን በተሻለ ወረቀት ላይ ፎቶኮፒ አንሥቶ ያንን ይለጥፍ።

የደብተር ውፍረት ብዙዎችን ያታልላል። ናይሮቢ ያደገውና እ.ኤ.አ. በ1993 ሞቃዲሾ ውስጥ በ22 ዓመቱ የተገደለው የፎቶ ጋዜጠኛ ዳን ኤልደን 17 የሥዕል ደብተሮችን ትቶ አልፏል፤ ፎቶግራፍ፣ ካርታ፣ የገንዘብ ኖትና ቀለም ታጭቆባቸዋል። ከሕትመታቸው በኋላ ብዙ ወጣት ደብተሩን ማወፈር ሥራ መሰለው። የኤልደንን ገጾች ቀስ ብሎ የሚያይ ግን መጨናነቁ አንዳንዴ በአንድ የሰው ፊት ዙሪያ መሆኑን ያገኛል፤ ሌላው ሁሉ ዓይንን እየገፋ ወደዚያ ፊት ይመልሳል። የወፈረ ደብተር ሲሰጣችሁ ያን ፊት ፈልጉ።

በመጨረሻም ተገንጥሎ የመጣ ነጠላ ገጽ አልመዝንም። ደብተር ቅጠሉ ተገልጦ የሚታይ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ጎረቤትና ጀርባ አለው። ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ እ.ኤ.አ. ከ1944 ገደማ ጀምሮ በ1954 እስከሞተችበት ድረስ የያዘችውን ባለ ሥዕል ማስታወሻ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ቀለም አንጠባጥባ፣ ቅጠሉን አጥፋ ተጭና፣ ከተገኘው ነጠብጣብ ፊትና እንስሳ ታወጣለች፤ በወረቀቱ አልፎ ወደ ጀርባ የወጣውን ቀለም ለሚቀጥለው ሥዕል መነሻ ታደርገዋለች። ስለዚህ ከጀማሪ ደብተር ውስጥ ቀለም ሰርጎ ያለፈበትን ቅጠል እፈልግና እገለብጠዋለሁ። የሰረገውን በነጭ ሸፍኖ ንጹሕ ገጽ ለማስመሰል የሞከረ አለ። ምንም እንዳልሆነ አድርጎ በላዩ ሌላ ሥዕል የለጠፈ አለ። የነጠብጣቡን ዳር በእስክሪብቶ ተከትሎ ያልጠበቀውን ቅርጽ ያወጣ፣ ከዚያም ለዚያ ቅርጽ የሚስማማ ወረቀት ፍለጋ የሄደም አለ፤ የእሱን ደብተር ከመጀመሪያው ቅጠል አንሥቼ እንደገና አየዋለሁ።